ናፍጣው የት ይሄዳል?

አባቴን የሥራ ባልደረቦቹ «ጠብታ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት እኔ ሳልወለድ ነው። የክር ፋብሪካ ሠራተኞችን በሚኒባስ ሲያመላልስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን በአንድ ሊትር ናፍጣ እሱ የሚሄደውን ያህል የሄደ ሾፌር አልተገኘም። ማርሽ በጊዜው ይቀይራል። ቀይ መብራት ከሩቅ ካየ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳና መኪናዋ በራሷ እየተዝናናች እንድትደርስ ይተዋታል። ሰው ሲጠብቅ ሞተር ያጠፋል። ተሳፋሪዎቹ «ጠብታ ሲነዳ እንቅልፍ ይወስዳል» ይሉ ነበር፤ ምስጋናቸው ነው።

እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በተከራየነው ጋራዥ የፋብሪካውን አምስት ሚኒባሶች በኮንትራት እንጠግናለን። የአባቴን መኪና ግን ሌላ ሰው አይነካትም። እሱም አይፈቅድም፣ እኔም አልሰጥም።

ነገሩ የጀመረው ዝናቡ እንዳበቃ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «መኪናዋ መብላት ጀምራለች» አለኝ።

«በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?»

«አሥር።»

ከአሥራ አንድ ወርዳ አታውቅም። «አንድ ኪሎ ሜትር ምን አላት አባዬ?» ብዬ ሳቅሁ።

«ለአንቺ ምንም አይደለችም» አለኝ። እሱ አልሳቀም።

መጀመሪያ ጎማዎቹን አየሁ። የኋላዎቹ ሁለቱ ላልተዋል። የላላ ጎማ መሬቱ ላይ ይለጠፍና ሞተሩን ያለ ጥቅም ያደክመዋል። በሩ ጉበን ላይ በተለጠፈው ልክ፣ ያውም ገና ሳይሞቁ በጠዋት ነፋኋቸው። ለሳምንት ያህል ተሻላት። ከዚያ ወደ ዘጠኝ ተኩል ወረደች።

የአየር ማጣሪያውን ስፈታ ሌላ ጉድ አገኘሁ። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ የሚበነው የክር ብናኝ ተጋግሮ ብርድ ልብስ ሠርቷል። አዲስ አስገባሁላት። የኋላውን የዕቃ ቦታ ከፈትኩ፤ አባቴ «ለክፉ ቀን» እያለ የሚያጭቀው ነገር ሁሉ እዚያ አለ፦ ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ ሰንሰለት፣ ሁለት ብሎኬት፣ ከማን መኪና እንደወለቀ የማይታወቅ ብረት። አወጣሁና ሚዛን ላይ ጫንኩት።

«አባዬ፣ ክፉ ቀንህ ሰማንያ ኪሎ ይመዝናል» አልኩት።

ያን ቀን ፈገግ አለ። ጣራዋ ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛም ፈታሁት፤ ማንም ዕቃ አይጭንበትም፣ ነፋስ ብቻ ነው የሚይዘው። የናፍጣ መርጫዎቹን አጠብኩ። የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫ አስተካከልኩ። አንድ መኪና ነዳጅ በላች ሲባል አንድ መካኒክ የሚያደርገውን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ አደረግኩ።

ዘጠኝ ሆነች። ከዚያ ስምንት ተኩል። ከዚያ ስምንት።

ያኔ ነው ነገሩ ያላማረኝ። መኪና ብልሽቷ ሲጠገን ይሻላታል፤ ባይሻላት እንኳ ባለችበት ትቆማለች። ይቺ ግን በጠገንኳት ቁጥር ትብስባታለች። አራቱንም እግሯን በክሪክ አንስቼ ጎማዎቹን በእጄ አሽከረከርኳቸው። ፍሬኑ ይዟቸው ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልያዛቸውም፣ በነፃነት ይዞራሉ። ከሦስት ወር በፊት ያስገባሁት የፍሬን ሸራ ግን አልቆ ወረቀት አክሏል። ዲስኩ እሳት ውስጥ እንደቆየ ብረት ሰማያዊ ሆኗል። ፍሪሲዮኑ አካባቢ ስጠጋ ደግሞ የተቃጠለ ሽታ ሸተተኝ።

«የሸጡልሽ ሸራ የማይረባ ነው» አለኝ አባቴ።

«የሌሎቹ አራት መኪናዎችም ሸራ ከአንድ ካርቶን የወጣ ነው። እነሱ ምንም አልሆኑም።»

ሸራውን በአዲስ ቀየርኩላት። ቁልፉን ተቀብሎኝ ሄደ። ግቢውን ሲያቋርጥ እግሩን ከወትሮው ከፍ እያደረገ፣ በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው እየጣለ ይራመዳል። አየሁት። ዕድሜው ነው አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

በሳምንቱ የፋብሪካው የትራንስፖርት ኃላፊ ሁለታችንንም ቢሮው ጠራን። ከአባቴ በሃያ ዓመት የሚያንስ፣ ሰው ማስከፋት የሚከብደው ሰው ነው። የአምስቱን መኪናዎች የነዳጅ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ጣቱን የአባቴ መስመር ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ።

«ጋሼ፣ እኔ እርስዎን አልጠረጥርም» አለ።

አባቴ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያዞራል።

«ግን ናፍጣው የት ይሄዳል?»

ያን ዕለት የናፍጣ መሙያው ክዳን በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ታሸገ፤ ሲሞላ ካልሆነ አይከፈትም። ሲታሸግ አባቴ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት «ጠብታ» ሲባል የኖረ ሰው በስተርጅናው እንደ ሌባ መኪናው ታሸገችበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኃላፊው ማኅተሙን መረመረ። አልተነካም። ናፍጣው ግን እንደ በፊቱ ሄዷል።

ኃላፊው ይቅርታ ጠየቀው። ከይቅርታው ቀጥሎ ግን «ምናልባት ጋሼ፣ የማረፊያዎ ጊዜ ደርሶ ይሆናል፤ አንድ ዓመት ነው የቀረዎት» አለው። አባቴ በሌብነት ሲጠረጠር ያልገረጣውን ያህል በዚያች ቃል ገረጣ።

ናፍጣ ለመቆጠብ ሲል ከቆየ ጀምሮ የሚያደርገውን የሰማሁት ከዚያ በኋላ፣ ከሌላ ሾፌር ነው። ሁልጊዜ ከአባቴ ኋላ ኋላ የሚነዳው ሾፌር ዘይት ሊያስቀይር መጥቶ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽን አንድ ነገር በይው። ቁልቁለቱን በፎሌ ነው የሚወርደው።»

ቁልቁለቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከከተማው ጠርዝ እስከ ፋብሪካው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው፤ በግራ የተቆረጠ የድንጋይ ግድግዳ፣ በቀኝ ገደል። ያንን መንገድ ማርሽ አውጥቶ መውረድ ማለት አሥራ ሁለት ሰው የያዘን መኪና በፍሬን ብቻ አንጠልጥሎ መሄድ ነው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«የሞተሩ ድምፅ ይታወቃል እኮ። የፍሬኑ መብራት ከላይ እስከ ታች አይጠፋም። ትናንት እታች ስንደርስ ከጎማው ጭስ ሲወጣ አይቻለሁ።»

በዚያው ቀን ከሥራ እንደወጣሁ ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባቴ ሳሎን ውስጥ ጫማውን እንዳደረገ ተቀምጧል። ድሮ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያወልቀው ጫማውን ነበር። ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ቁልቁለቱን በፎሌ ትወርዳለህ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ማንም ይበል። ለመቆጠብ ብለህ ከሆነ አትቆጥብም። በፎሌ ስትወርድ ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ይጠጣል። በማርሽ ስትወርድ ግን ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞርልህ፤ ናፍጣውን መኪናዋ ራሷ ትዘጋዋለች። ዘጠኙን ኪሎ ሜትር በነፃ ትወርዳለህ ማለት ነው።»

«ድሮ እኮ...»

«የድሮዋ መኪና ሌላ ናት። አሁን በፎሌ መውረድ ናፍጣውንም ያስከፍልሃል፣ ፍሬኑንም ያቃጥልብሃል። ደግሞ ሰው ይዘሃል አባዬ።»

«እሺ» አለኝ። አነጋገሩ በር እንደሚዘጋ ሰው ነበር።

«አንድ ቀን አብሬህ ልሂድና አነዳድህን ልየው?»

«በመኪናዬ ሰላይ አልጭንም!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ጮኾብኝ አያውቅም። ሁለታችንም ደነገጥን።

ወጥ ቤት ገብቼ እናቴን እቃ ማጠብ አገዝኳት። «አባትሽ ካልሲውን ራሱ ማጠብ ጀምሯል» አለችኝ።

«በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ተማረ በይኛ!»

«አትሳቂ። ሲያጥብ በሩን ይዘጋል።»

እጄ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ማክሰኞ ዕለት ሰላይ መሆኔን አምኜ ሄድኩ። ቀትር ላይ የሚገቡት ሠራተኞች የሚሳፈሩበት ቦታ ቀድሜ ደርሼ፣ የመፍቻ ቦርሳዬን ይዤ ቆምኩ። «ፋብሪካው ውስጥ የተበላሸ መኪና አለ፣ ውሰደኝ» አልኩት። ውሸቴን ነው። በሰው ፊት እምቢ ሊለኝ አልቻለም፤ የፊተኛውን ወንበር በአገጩ አሳየኝ። ከእሱ ጀርባ የፋብሪካው የጥራት ተቆጣጣሪ ተቀምጣለች፤ ሁልጊዜ እዚያው ወንበር ላይ ሹራብ እየሠራች ነው የምትሄደው። «ዛሬስ ጠብታ ከነልጁ ነው፣ ናፍጣው ሊተርፍ ነው» ብላ ሰዉን አሳቀችው።

ተነሣን። ከተማው ውስጥ ሳለን ጆሮዬን ለሞተሩ ሰጠሁት። ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን የጩኸቱን ያህል አትሄድም። አባቴ ቀድሞ ነዳጅ ሲሰጥ በእግሩ እንቁላል የረገጠ ይመስል ነበር። አሁን እግሩ ግንድ ሆኗል፤ አንዴ ይጫናል፣ አንዴ ይለቃል፣ ተሳፋሪው ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል። ሜዳው መንገድ ላይ አራተኛ ማርሽ ከገባ በኋላ ዝቅ ብዬ እግሮቹን አየሁ።

ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው።

የናፍጣው ምሥጢር ተገለጠልኝ። ፍሪሲዮን ላይ እግር ካሳረፉ ሞተሩና ጎማው በደንብ አይያያዙም፤ ግማሹ ጉልበት መንገድ ሳይሆን ሙቀት ይሆናል። የተቃጠለው ሽታ ይሄ ነበር። እኔ አራት ወር ሙሉ መኪናዋን ፈታሁ፣ ጥፋቱ ያለው መኪናዋ ላይ አልነበረም። እፎይ አልኩ። ቀላል ነገር ነው፣ መጥፎ ልማድ ነው፣ ይታረማል።

ሌሎቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮው ተጠጋሁ። «አባዬ፣ ግራ እግርህን ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሳ።»

«አንስቼዋለሁ» አለኝ።

ዝቅ ብዬ እንደገና አየሁ። ጥቁሩ ጫማ ፔዳሉ ላይ፣ ሰው ረስቶት እንደወረደ ዕቃ ተጋድሟል።

«አላነሳኸውም።»

«አንስቼዋለሁ አልኩሽ እኮ!» ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። አልዋሸኝም። እውነቱን ነው የሚናገረው፤ ያነሳው መስሎታል።

«አቁም።»

«የት ላቁም?»

እውነቱን ነበር። የመጨረሻውን ኩርባ አልፈን ቁልቁለቱ ጀምሯል፣ ከኋላ የጭነት መኪና ተከትሎናል። እጁ እንደለመደው ማርሹን ነቅሎ ፎሌ አደረገው። መኪናዋ ከሥራችን የተለቀቀች መሰለኝ።

«ማርሽ አስገባ አባዬ።»

«ፍሬን ይዣለሁ፣ አትጨነቂ።»

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በደህና ወረድን። ከዚያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ የሚያውቅ ሰው አይሳሳተውም። ፍሬን ሲግል ፔዳሉ እየለሰለሰ፣ እየሰመጠ ይሄዳል፤ ሾፌር ማንም ሳይነግረው በእግሩ ያውቀዋል። የአባቴ እግር ግን የሚነግረው ነገር አልነበረም። እሱ ያወቀው የፍጥነቱን ቀስት ሲያይ ነው። ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰባ አምስት።

«አልይዝ አለኝ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ከኋላችን ወሬው ቆመ። የሹራቡ መርፌዎች ድምፅም ቆመ።

«ሦስተኛ አስገባ!»

የማርሹን እጀታ ገፋው፤ ብረት ከብረት ተፋጭቶ ጮኸና መለሰው። እንደገና ገፋው። ፍሪሲዮኑን የረገጠ መስሎታል፤ እግሩ ከፔዳሉ ጎን ተንሸራቶ ወለሉን ነው የሚጫነው። አንዲት ሴት ስትጸልይ ይሰማኛል። ከወንበሬ ወርጄ በማርሹና በእሱ መካከል ተንበረከክሁ። ጫማውን በእጄ ይዤ ፔዳሉ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከዚያ በሁለት እጄ የአባቴን ጉልበት ወደ ታች ጫንኩት።

«አሁን!»

ገባ። ጉልበቱን ለቀቅኩት። ሞተሩ አጓራ፣ ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን። የተበላው ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ይሰማኛል፤ ይይዛል ይለቃል፣ ይይዛል ይለቃል። በመጨረሻ ያዘ።

«ሁለተኛ!»

ጉልበቱን ጫንኩ፣ ገባ፣ ለቀቅኩ። የእጅ ፍሬኑን ጥርስ በጥርስ ሳብኩት። አባቴ መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ድንጋዩ ጠመዘዘ። ለመሪው እጆቹ ያው የድሮዎቹ ነበሩ። መኪናዋ ጎኗን ከድንጋዩ ጋር እየፋቀች፣ መስተዋቷ ረግፎ፣ መስኮት እየተሰበረ ሄደች፣ ሄደችና ቆመች።

ማንም አልሞተም። አንዱ ግንባሩ ተሰንጥቋል። የጥራት ተቆጣጣሪዋ ወንበሩን ስትይዝ የእጇ አንጓ ተሰብሯል። አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አታለቅስም፣ አባቴን ብቻ ታየዋለች።

አባቴ ሰዉን አንድ በአንድ እየዞረ «ደህና ናችሁ? ደህና ናችሁ?» ይላል። እኔ የማየው መሬቱን ነበር። ግራ እግሩ ባረፈበት ሁሉ አስፋልቱ ላይ የሳንቲም ያህል ቀይ ነጥብ ይቀራል።

«አባዬ ቁጭ በል።»

ጫማውን አወለቅሁት። ከሶሉ ሥር አንድ ቡሎን ተሰክቷል፤ የእኔው ጋራዥ ወለል ላይ የሚንከባለለው ዓይነት፣ የጣት መገጣጠሚያ የሚያህል፣ ጫፉ የሾለ። ለመጨረሻ ጊዜ ጋራዡ የመጣው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በእሱ ላይ ሲቆም፣ ሲራመድ፣ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ሰንብቷል። ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል፣ ሽታውም የትኩስ ቁስል ሽታ አልነበረም።

«አያምህም?» አልኩት።

ቡሎኑን በእጄ ይዤ ሳሳየው እንደ ሰው ዕቃ ተመለከተው። «ምንም» አለኝ። «ከጉልበቴ በታች ምንም የለም። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ጀምሮ።»

ሆስፒታል ስንገባ ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ሳይጨርስ አባቴ ራሱ ተናገረ። ስኳር እንዳለበት ከሁለት ዓመት በፊት ተነግሮታል። መድኃኒት ታዞለታል፣ እግሩን በየቀኑ እንዲያይ ተነግሮታል። ወረቀቱን አጣጥፎ የመኪናዋ የፀሐይ መከላከያ ውስጥ ሸሽጎታል። እኔ ያንን መከላከያ ስንት ጊዜ በእጄ ገፍቼዋለሁ።

«ለምን?» አልኩት።

«መንጃ ፈቃዴን የሚነጥቁኝ መስሎኝ ነው።»

የግራ እግሩን ሁለት ጣቶች ቆረጡለት። እናቴ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ አንድ ጊዜ ብቻ «ካልሲውን ብታሳየኝ ምን ነበረበት?» አለችው፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር አላነሳችበትም።

በአራተኛው ቀን ኃላፊው ሊጠይቀው መጣ። ብርቱካን ይዞ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ወለል ወለሉን እያየ። «ጋሼ፣ ሪፖርት መጻፍ አለብኝ። ፍሬን በጠሰ ብዬ ብጽፈው እርስዎ በክብር ጡረታ ይወጣሉ። ማንም አይጎዳም።»

ማን እንደሚጎዳ ሦስታችንም እናውቃለን። ፍሬኑን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም የአባቴን ፊት አየሁና «ይሁን፣ እፈርማለሁ» አልኩ። ከልቤ ነበር።

«አይሆንም» አለ አባቴ። «ፍሬኑ አልበጠሰም። ሾፌሩ ነው የበጠሰው። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ኃላፊው እንደዚያው ጻፈ። አባቴ ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት ከሥራ ወጣ። መኪናዋ አዲስ ፍሪሲዮንና አዲስ ፍሬን አስገብቼላት ለሌላ ሾፌር ተሰጠች። በወሩ ኃላፊው ደውሎ፣ እየከበደው፣ «በሊትር አሥራ አንድ ገብታለች» አለኝ። ለአባቴ አልነግረውም ብዬ ነበር። እሱ ግን ፊቴን አይቶ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «ጥሩ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

መራመድ ሲጀምር አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ ሠራተኞቹ ወደሚሳፈሩበት ቦታ እንድወስደው። ቀትር ሊሆን ሲል ደረስን። ክራንቹን ተደግፎ መኪናዋ በር አጠገብ ቆመና፣ የሚሳፈረው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ተናገረ። እግሩ እንደማይሰማው ያውቅ እንደነበር። ቁልቁለቱን በፎሌ ይወርድ እንደነበር። ይህን ሁሉ ያደረገው ስሙ እንዳይጠፋ ብሎ እንደሆነ። ይቅርታ ጠየቃቸው። ሁለት ሦስቱ «ተወው ጋሼ፣ እግዜር አወጣን» አሉት፣ አንዱ ትከሻውን አቅፎ ሳመው።

የጥራት ተቆጣጣሪዋ እጇ አሁንም በጄሶ ነው። ሰዉ ገብቶ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ስንት ወር?» አለችው።

«አራት... ከዚያም ትንሽ በለጥ ይላል።»

«አራት ወር ሙሉ ከጀርባህ ተቀምጬ ለልጅ ልጄ ሹራብ እሠራ ነበር» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለህ 'ዛሬ ውረጂ' ብትለኝ ምን ነበር?»

መልሱን አልጠበቀችም። በደህነኛው እጇ በሩን ይዛ ገባችና ከኋላ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። መኪናዋ ሄደች።

ከዚያ በቀጥታ ቁስሉ ወደሚታጠብበት ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ የግራ እግሩን ፈትታ አየች፣ ደህና እየደረቀ ነው አለች። አዲስ ፋሻ ጠቀለለችለትና ጓንቷን ሳታወልቅ ወደ ቀኝ ጫማው ጠቆመች።

«ሌላኛውንም ያውልቁልኝ አባቴ።»

«እሱ ደህና ነው» አለ አባቴ።

«ይሁን፣ ልየው።»

ክሩን መፍታት ጀመረ። ጣቶቹ ቋጠሮው ላይ ብዙ ቆዩ። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲው ላይ ሲደርስ ግን እጁን ሰበሰበና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«አንቺ እይልኝ» አለኝ።

ተንበርክኬ ካልሲውን ቀስ ብዬ ገለበጥኩት። ተረከዙ ላይ፣ በጎን በኩል፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረች። ዙሪያዋ ሞቋል። ነርሷ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻት፤ አባቴ መስኮቱን እያየ እግሩን እንኳ አልሰበሰበም።

«ምን አለ?» አለ፣ ሳይዞር።

ነርሷን አየኋት፣ አየችኝ። ልዋሽለት ፈልጌ ነበር።

«ቁስል አለ አባዬ። ትንሽ ናት።»

አባቴ ዞሮ፣ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እግሩን ራሱ ጎንበስ ብሎ ተመለከተው።

«ምን እናድርግ እሺ?» አላት ነርሷን። እሷም ወንበር ሳበችና፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግረው ጀመር።